ባለሦስት ቀዳዳዋ መለኪያ

ከተበላሸ ሬዲዮ የተነቀለ፣ ጽሑፉ የጠፋ ትራንዚስተር እጅ ላይ ሲገባ የትኛው እግሩ ቤዝ፣ የትኛው ኮሌክተር እንደሆነ በዓይን አይለይም። ይህን የምትነግረኝን ትንሽ መሣሪያ ላመሰግን እወዳለሁ። እግሮቹን በፈለግሁት ቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 3 በተባሉት ቀዳዳዎች ሰክቼ ቁልፏን ስጫን የዕቃውን ዓይነት፣ የእያንዳንዱን እግር ስምና የማጉላት አቅሙን በስክሪኗ ላይ ትጽፋለች።

አሠራሯም ይደነቃል። ጀርመን አገር ማርኩስ ፍሬዬክ ጀመራት፤ ካርል ሃይንዝ ኩበለር አሳደጋት፤ ንድፏና ፕሮግራሟም ለሁሉም ክፍት ሆነ። ዋጋዋ የቀነሰውም በዚህ ነው። ዋና አካሏ አንድ ማይክሮኮንትሮለርና ጥቂት ሬዚስተሮች ናቸው፤ 680 ኦምና 470 ኪሎ ኦም። ካፓሲተር ሲሰካባትም በእነዚህ በኩል ትሞላውና የፈጀውን ጊዜ ቆጥራ መጠኑን ታሰላለች።

ከሁሉ በላይ ባለውለታዬ የሆነችው የካፓሲተርን ውስጣዊ ተቃውሞ ስለምታሳይ ነው። ያረጀ ካፓሲተር መጠኑ ሳይጎድል ተቃውሞው ብቻ ጨምሮ ቴሌቪዥን እንዳይነሳ ሊያደርግ ይችላል፤ ተራ ቴስተር ይህን አያሳይም። በምላሹ የምትጠይቀው አንድ ጥንቃቄ ነው፦ ካፓሲተሩ ከመሰካቱ በፊት ቻርጁ ይውጣ፤ አለዚያ ልትቃጠል ትችላለች።

እሷ ባትኖር ላብራቶሪ የሌለው ተማሪ በግምት ይሠራ፣ ደህናው ዕቃም ከተበላሸው ጋር ይጣል ነበር። አሁን ግን ቤቱ ተቀምጦ ለክቶ ያውቃል፤ አሮጌ ቦርድም የመለዋወጫ መደብር ሆኖለታል።