ገነተ ልዑል፤ ቤቱና በቤቱ የተቀመጠው

የነገሥታት መኖሪያ የነበረ ቤት ቤተ መዘክር በሚሆንበት ጊዜ ሁለት ነገር በአንድነት ለተመልካች ይቀርባል፤ አንደኛው ቤቱ ራሱ ነው፤ ሁለተኛው በቤቱ ውስጥ የተሰበሰበው ዕቃ ነው። ሁለቱ የተስማሙ እንደሆነ አንዱ ለሌላው ምስክር ይሆናል፤ ሳይስማሙ የቀሩ እንደሆነ ግን ቤቱ ለዕቃው መጠለያ፣ ዕቃውም ለቤቱ ጌጥ ከመሆን አያልፍም። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር በዚህ ሚዛን ሊመዘን የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ቤቱም ስብስቡም እያንዳንዳቸው ከፍ ያለ ዋጋ ያላቸው ሲሆኑ፣ እርስ በርሳቸው ግን ሲነጋገሩ አይሰሙም።

በመጀመሪያ ስለ ቤቱ። ገነተ ልዑል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፋሺስት ወረራ በፊት ያሠሩት ቤተ መንግሥት ነው። ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ የእንደራሴው የግራዚያኒ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ልጅ መወለዱን ምክንያት አድርጎ በዚሁ ግቢ ለድኾች ምጽዋት በሚያስድልበት ሰዓት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። እርሱ ቈስሎ ተረፈ፤ ምጽዋት ሊቀበል የተጠራው ሕዝብ ግን በግቢው ውስጥ በጥይት ተፈጀ፤ ጭፍጨፋውም ወደ ከተማው ወጥቶ በሺሕ የሚቈጠር ነፍስ አጠፋ። ከነጻነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ኖሩበት። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. እርሳቸው ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና በወንድማቸው በገርማሜ ንዋይ የሚመራው የክብር ዘበኛ ሙከራ በተነሣ ጊዜ፣ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ የሚገኙባቸው መኳንንትና ሹማምንት በዚሁ ቤት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ተረሸኑ። ከዚህ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለትምህርት ሰጡት፤ በስማቸው የተሰየመው ዩኒቨርሲቲም በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፈተ፤ በ1967 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

ስብስቡ ደግሞ የሌላ ቤት ልጅ ነው። ምንጩ በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። በዚያ የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ዕቃ መሰብሰብ ጀመሩ፤ በኮሌጁ የተቋቋመው የሕዝብ ልማድ አጥኚዎች ማኅበር ተማሪዎችም እያንዳንዳቸው ስለ ትውልድ ቀያቸው ሠርግ፣ ልደትና ቀብር እየጻፉ በመጽሔት ማሳተም ያዙ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1963 ተቋሙ በሪቻርድ ፓንክኸርስት ዳይሬክተርነት ሲመሠረት ያ ስብስብ ወደ ገነተ ልዑል ገባ። ስለዚህ በንጉሥ እልፍኝ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ከንጉሥ ግምጃ ቤት የወጣ አይደለም፤ ከገበሬ ጎጆ፣ ከአርብቶ አደር ሰፈር፣ ከሸማኔና ከቀጥቃጭ ቤት የመጣ ነው።

ዛሬ ዐውደ ርእዩ የተደለደለበት ሥርዐት ሊመሰገን ይገባዋል። ዕቃው በነገድ ወይም በጠቅላይ ግዛት አልተከፋፈለም፤ በሰው ዕድሜ ተራ ተሰድሯል። መጀመሪያ ልጅነት፣ ቀጥሎ ጕልማሳነት፣ በመጨረሻ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው ይመጣል። በልጅነት ክፍል የልደት ሥርዐት፣ ጨዋታና ተረት ይገኛሉ፤ በጕልማሳነት ክፍል እምነት፣ ባህላዊ መድኀኒት፣ ጦርነት፣ አደንና የእጅ ሥራ፤ በሞት ክፍል የመቃብር ሐውልትና ልዩ ልዩ የቀብር ልማድ። ዕቃን በነገድ እየለዩ መደርደር አንዱን ሕዝብ ከሌላው በላይ ወይም በታች አድርጎ ለማየት በር ይከፍታል፤ በዕድሜ መደርደር ግን ይህን በር ይዘጋል። ሰው ሁሉ ይወለዳል፤ ሰው ሁሉ ይሞታል፤ ልዩነቱ በአኳኋኑ ብቻ ነው።

የሆነ ሆኖ በዚህ መልካም ሥርዐት ውስጥ አንድ ትልቅ ጕድለት አለ። ሥርዐቱ የሕዝቡን ኑሮ በዕድሜ ሲለካ፣ የቤቱን ኑሮ የሚለካው በዓመተ ምሕረት ነው። ስለ ቤተ መንግሥቱ ሲነገር ወርና ቀን ይጠቀሳል፤ ነገር ይፈጸማል፤ ሰው በስሙ ይጠራል። ስለ ሕዝቡ ሲነገር ግን «ይህን ያደርጋሉ፤ ያን ይለብሳሉ» ይባላል፤ መቼ እንደ ተጀመረ፣ በምን ምክንያት እንደ ተለወጠ፣ ማን እንደ ሠራው አይታወቅም። ከዚህ የተነሣ ታሪክ የንጉሥ ብቻ፣ ልማድ የሕዝብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህ ክፍፍል ሐሰት ነው። ሕዝብ ታሪክ አለው፤ ቤተ መንግሥትም ልማድ አለው።

ሦስት ማስረጃ ማቅረብ ይቻላል።

የመጀመሪያው የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ መነን መኝታ ክፍሎች ናቸው። ጎብኚን ይልቁን የሚስቡት እነዚህ ክፍሎች ከመታጠቢያ ቤቱ ጋራ እንደ ነበሩ ተጠብቀዋል፤ በመልበሻው ክፍል መስታወት ላይ የ1953ቱ ግርግር የተወው ነው የሚባል የጥይት ቀዳዳ ይታያል። ነገር ግን አልጋው ከዕድሜ ተራ ውጭ ቆሟል፤ ንጉሥ የማይወለድ፣ የማያገባና የማይሞት ይመስላል። እቴጌ መነን በየካቲት 1954 ዓ.ም. ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. በእስር ሳሉ ሞቱ፤ ዐፅማቸው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በሥርዐት ያረፈው ግን በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው። ለሃያ አምስት ዓመት ያህል ፍትሐትና ልቅሶ የተነፈገው ንጉሥ ታሪክ ከሞትና ከቀብር ክፍል ይበልጥ የሚስማማው ቦታ የት ይገኛል? በአንድ አገር ውስጥ ቀብር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማስረዳት ከዚህ የሚሻል ምሳሌ በሩቅ መፈለግ አያሻም።

ሁለተኛው የቤቱ አገልጋይ ነው። አንድ ግቢ በንጉሥና በእቴጌ ብቻ አይቆምም። አዛዡ፣ አጋፋሪው፣ እልፍኝ አስከልካዩ፣ ጠጅ አሳላፊው፣ እንጀራ ጋጋሪዋና ወጥ ሠሪዋ፣ ፈረስ ጠባቂውና ዘበኛው እያንዳንዳቸው የታወቀ ሥራ፣ የታወቀ ማዕርግና የታወቀ ደንብ ነበራቸው። ማን በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ማን ቆሞ ማን ተቀምጦ እንደሚበላ፣ ባለ ጉዳይ በምን ቃል ደጅ እንደሚጠና የሚወስነው ሥርዐት ለሕዝብ ልማድ አጥኚ ከማንኛውም የሠርግ ሥርዐት ያላነሰ ቁም ነገር ነው። የተነጠፈው አልጋ ይታያል፤ ያነጠፈው እጅ ግን አይታይም። በኢስታምቡል ያለው የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1924 ቤተ መዘክር እንዲሆን ከተወሰነ በኋላ፣ የሱልጣኖቹ ዕንቍ ብቻ ሳይሆን ወጥ ቤታቸውም ከነማብሰያ ዕቃው ለተመልካች ቀርቧል፤ በዚያ ጎብኚው የግዛቱን ስፋት በድስቱ ስፋት ይገምታል። ገነተ ልዑል ከዚህ የሚማረው አለ።

ሦስተኛው ከቤቱ ፊት ለፊት የቆመው ደረጃ ነው። ፋሺስቶች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ጀምሮ ያለውን እያንዳንዱን ዓመት በአንድ እርከን እየመሰሉ ወደየትም የማያደርስ ደረጃ ሠርተው ነበር። አገሪቱ ነጻ ስትወጣ ደረጃው አልፈረሰም፤ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። በግቢው ውስጥ ከዚህ የተሻለ መግለጫ ጽሑፍ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አንድ ፊደል ሳይጻፍበት ሁለት ዘመን ያስነብባልና። ጠላት የሠራው ተጠብቋል፤ መልሱም በላዩ ተሰጥቷል። ይህን ያደረገው ሰው የቤተ መዘክርን ዋና ጥበብ ያውቅ ነበር፤ ይኸውም ዕቃን ሳያጠፉ ትርጕሙን መመለስ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጥበብ ከደጅ ቀርቷል፤ ወደ ቤት አልገባም። በየካቲት 12 የወደቁት ድኾች መታሰቢያ ሐውልትም ከግቢው በር ውጭ በስድስት ኪሎ አደባባይ ቆሟል። ምጽዋት ሊቀበሉ ወደ ቤተ መንግሥት ግቢ የመጡት ሰዎች ስለ ምጽዋት ልማድ፣ ስለ ድኻና ስለ ጌታ ግንኙነት በሚናገረው ክፍል ውስጥ ሊታሰቡ የሚገባቸው ናቸው፤ ጠላት የተጠቀመበት ልማድ ከጠላት በፊት የነበረ የአገሩ የራሱ ልማድ ነውና።

ይህን ነቀፌታ የሚቃወም ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፤ «ቤተ መዘክሩ የሕዝብ ልማድ ማሳያ ነው፤ የቤተ መንግሥት ታሪክ ለሌላ ይተው፤ ንጉሡን ወደ ዐውደ ርእዩ መሐል ማስገባት ዳግመኛ ማንገሥ ነው።» ክርክሩ ቀላል አይደለም። የዳግማዊ ምኒልክ ግቢ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ለጎብኚ ከተከፈተ፣ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትም ከታደሰ ወዲህ፣ የነገሥታትን ክብር የሚያሳይ ስፍራ በከተማው አልጠፋም። ነገር ግን መልሱ ከዚያው ይገኛል። በምኒልክ ግቢ ከዙፋኑ ይልቅ ልብ የሚነካው ደርግ ሹማምንቱን ያሰረበት ምድር ቤት ነው፤ ዙፋንና እስር ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲታዩ ክብር ብቻውን አይናገርምና። ንጉሥን የሚያነግሠው ለብቻው ማስቀመጥ ነው። ከተወለዱት፣ ካገቡትና ከሞቱት መካከል ያስቀመጡት እንደሆነ ሰው ይሆናል፤ ቤተ መንግሥቱም ከአገሩ ቤቶች አንዱ ይሆናል።

እንግዲህ ሊደረግ የሚገባው ነገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የእያንዳንዱ ዕቃ መግለጫ ከየት እንደ መጣ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደ ተሠራ፣ መቼ እንደ ተሰበሰበ፣ ሰብሳቢውና የሚታወቅ ሲሆን ሠሪው ማን እንደሆነ ይናገር። በኮሌጁ ዘመን ተማሪዎች ስለ ቀያቸው የጻፉት በየመስታወት ሣጥኑ አጠገብ ይጠቀስ፤ ያን ጊዜ የታየው ልማድ ዛሬ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ጎብኚው ያመዛዝናል። የግቢ አገልግሎት በጕልማሳነት ክፍል፣ ከእርሻና ከእጅ ሥራ ጐን፣ እንደ አንድ የሥራ ዘርፍ ይግባ።

ከሁሉ በፊት መፋጠን ያለበት ግን የቃል ምስክር መሰብሰብ ነው። ቤቱ የንጉሥ መኖሪያ መሆኑ ከቀረ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ በዚያ ደጅ የጠኑ፣ በዚያ ወጥ የሠሩ፣ በዚያ ዘብ የቆሙ ሰዎች ጥቂት ቀርተዋል። አልጋውና መስታወቱ ይቆያሉ፤ ጠባቂም አላቸው። ሰው ግን አይቆይም። የአንዲት እንጀራ ጋጋሪ ትዝታ ሳይጻፍ ከጠፋ ምንም ዐይነት የመስታወት ሣጥን አይመልሰውም፤ የሕዝብ ልማድ ጥናት በንጉሥ ቤት ውስጥ ወንበር ያገኘውም ይህን ትዝታ እንዲጠብቅ ነው።