ውርጭ የጠረበው ክዳን

ባይበሪ የደረስኩት በኅዳር፣ የጎብኚ አውቶቡሶች ገና ሳይመጡ በማለዳ ነበር። መንደሯ ግሎስተርሺየር ውስጥ፣ ኮትስዎልድስ በሚባለው ኮረብታማ አገር፣ ከኮልን ወንዝ ዳር ተቀምጣለች። ሰው ሁሉ የሚመጣው አርሊንግተን ሮው የሚባሉትን ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙ ቤቶች ፎቶ ለማንሳት ነው። ቤቶቹ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1380 ገደማ፣ የገዳም የበግ ፀጉር ማከማቻ ነበሩ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተከፋፍለው የሸማኔዎች መኖሪያ ሆኑ። ፊት ለፊታቸው ያለው ረግረግ መስክ ዛሬም ራክ አይል ይባላል፤ ታጥቦ የወጣው ጨርቅ በእንጨት መወጠሪያ ላይ የሚደርቀው እዚያ ስለነበር ነው። በአንድ ወቅት የታተመው የብሪታኒያ ፓስፖርት የውስጥ ልባዱ ላይ የእነዚህ ቤቶች ሥዕል ነበረበት። ለንደን የሚኖር ስንት የአገሬ ሰው ሳያውቀው በኪሱ ይዟቸው ዞሯል!

ፎቶ አንሺዎች በሮቹንና አበቦቹን ያነሳሉ። የእኔ ዓይን ጣራው ላይ ቀረ።

ድንጋይ ክዳን ነው። ከታች ክፈፉ ላይ የተደረደሩት ጠፍጣፋ ድንጋዮች የእንጀራ ምጣድ ያህል ስፋት አላቸው፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እያነሱ፣ ረድፉም እየጠበበ ይሄድና ከአናቱ ሲደርሱ ከመዳፍ ብዙ አይበልጡም። ነገሩ ከቁጠባ የመጣ ነው። ካባው ትልቁንም ትንሹንም ደባልቆ ስለሚሰጥ፣ ባለሙያው ምንም ሳይጥል ሁሉንም እንደ መጠኑ ይለያል። ከባዱን ግድግዳው ሊሸከመው ከሚችልበት ከታች ያደርገዋል፤ የዝናቡ ውኃ ተጠራቅሞ የሚበዛውም እዚያው ስለሆነ፣ ድንጋዩ በሰፋ መጠን ውኃ የሚሰርግበት መጋጠሚያ ይቀንሳል። ውበቱ እግረ መንገዱን የመጣ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አላምናቸውም። ረድፎቹ የሚጠቡበት ልክ በጣም ለስላሳ ነው፤ አንድ ሰው ከመሰላሉ ወርዶ፣ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ሳያየው እንዲህ አይሆንም።

እያንዳንዱ ድንጋይ ከጫፉ ይበሳና በቀዳዳው የባሉጥ እንጨት ችንካር ይገባበታል፤ ችንካሩ ማገሩ ላይ ሲንጠለጠል ድንጋዩም አብሮ ይንጠለጠላል። ነፋስ እንዳይገባ ከውስጥ በኩል በእንስሳ ፀጉር የተለወሰ ኖራ ይለጠፍበታል። ጣራው ከ45 ዲግሪ በላይ ቁልቁል የሆነውም ድንጋዩ ውኃ ስለሚጠጣ ነው፤ ዝናቡ ሳይቆይ መውረድ አለበት። ለ10 ካሬ ሜትር አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል። ወራጆቹ ይህን ሸክም ለዘመናት ተሸክመው ስለጎበጡ የጣራው አናት እንደ አሮጌ በቅሎ ጀርባ ሰርጎድ ብሏል።

ረጅም ጊዜ የቆምኩት ግን ሁለት ጣራዎች ከሚገናኙበት ጎድጓዳ ሥር ነው። በሌላ አገር ቢሆን እርሳስ ወይም ቆርቆሮ ተነጥፎበት ነገሩ ያልቅ ነበር። እዚህ ባለሙያው ድንጋዮቹን ጎን ጎናቸውን ጠርቦ፣ እያንዳንዱን ትንሽ ትንሽ እያዞረ፣ ረድፉ ሳይቋረጥ ከአንዱ ጣራ ወደ ሌላው እንዲያልፍ አድርጎታል። ድንጋይ እንደ ነጠላ ሲታጠፍ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በዚህ አገር ለክዳን የሚሆን ድንጋይ አንዳንዱ ከመሬት የሚወጣው ራሱ ተሰንጥቆ ነው። በኦክስፎርድሺየር ባለችው ስቶንስፊልድ መንደር ግን የሚሰነጥቀው ውርጭ ነበር። ሰዎቹ ድንጋዩን ከጉድጓድ አውጥተው መስክ ላይ ይዘረጉታል፤ እንዳይደርቅ አፈር ያለብሱታል፤ ከደረቀ ዳግም አይሰነጠቅምና። ከዚያ ክረምቱን ይጠብቃሉ። የውርጭ ሌሊት ሲመጣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይደወላል፤ የመንደሩ ሰው ከመኝታው ተነስቶ ድንጋዩን ውኃ ሊያጠጣ ይወጣል። ድንጋዩ ውስጥ የገባው ውኃ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ንብርብሩን ይፈለቅቀዋል፤ ለመዶሻው የሚቀረው ጥቂት ነው። ለየመጠኑም ስም ነበረው፦ «ረጅም ወንደላጤ»፣ «አጭር ወንደላጤ» እየተባለ። እ.ኤ.አ. በ1824 ዊልያም ባክላንድ ሜጋሎሶረስ ብሎ የሰየመው፣ በሳይንስ ስም ለማግኘት የመጀመሪያው ዳይኖሰር፣ አጥንቱ የተገኘው ከዚሁ መንደር ጉድጓዶች ነው። ሥራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቆመ።

ከባይበሪ ተነስቶ ወንዙን ይዞ ወደ ኮልን ሴንት አልድዊንስ የሚወስድ የእግር መንገድ አለ። ግራና ቀኝ ካብ ነው። በኮትስዎልድስ ያለው ካብ ሁሉ ቢቀጣጠል 6,400 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሆን ይነገራል። አብዛኛው በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ የጋራ ግጦሹ በፓርላማ አዋጅ እየታጠረ ለባለርስት ሲሰጥ የተካበ ነው። ድሃው ላሙን የሚያሰማራበትን ያጣው በዚህ ካብ ነው፤ ሥራውን ሳደንቅ ይህንንም አልረሳሁትም።

የኮንሶን እርከን ያየ ሰው የእነዚህ ባለሙያዎች ቋንቋ አይጠፋውም፤ ጭቃም ኖራም የለም። ከሩቅ አንድ ግድግዳ የሚመስለው ሁለት ነው፤ ሁለቱ ወደ ላይ እየተቀራረቡ አንዱ ወደ ሌላው ያዘነብላል። መሀላቸው በጠጠር ይሞላል፤ ጠጠሩም በአካፋ አይደፋም፣ አንድ በአንድ በእጅ ይወሸቃል። በየተወሰነው ርቀት ረጅም ድንጋይ ከወዲህ ወዲያ አልፎ ሁለቱን ያስራቸዋል። አናቱ ላይ ድንጋዮች በጎናቸው ቆመው ይደረደሩና በክብደታቸው ሁሉን ይጫኑታል። ውኃ ሲገባ መውጫ አያጣም፤ መሬቱ ሲንቀሳቀስ ካቡም አብሮ ትንሽ ይላወሳል። መንገዱ አጋማሽ ላይ አንድ ሰው ፍራሹን በሲሚንቶ ለስኖ ጠግኖታል። የተለሰነው ክፍል ውስጥ ውኃ ታፍኖ ቀርቶ፣ ስቶንስፊልድ ሲያገለግል የኖረው ያው ውርጭ የድንጋዮቹን ፊት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አንስቶታል። ግራና ቀኙ ያለው ደረቅ ካብ ደህና ነው።

ትንሽ አለፍ ብዬ አንድ ሽማግሌ የፈረሰ ካብ ሲያድሱ አገኘሁ። ሲባጎ ወጥረዋል፤ ድንጋዩን ትልቁን ለብቻ፣ ትንሹን ለብቻ ሳር ላይ ዘርግተዋል። አንዱን ያነሱና አገላብጠው አንዴ ያዩታል፤ ከዚያ ያስቀምጡታል። ያነሱትን መልሰው ሲጥሉ አላየሁም። ቆሜ መቅረቴን ሲያዩ በአገጫቸው ወደ ድንጋዮቹ አመለከቱኝ። ረዘም ያለ፣ አንድ ጎኑ ማር የመሰለ፣ ቀጥ ያለ ድንጋይ መረጥኩና ያ መልከ መልካሙ ጎን በሙሉ ወደ መንገዱ እንዲታይ አድርጌ አጋደምኩት። ኮራሁበትም።

«ለሰው ዓይን ነው ያስቀመጥከው» አሉኝ።

አነሱት፤ ሩብ ዙር አዞሩና ርዝመቱን በሙሉ ወደ ካቡ ሆድ አስገቡት። ውጭ የቀረው የጡጫ ያህል ጫፍ ነበር። በተረከዛቸው ረገጥ አድርገው ሲሞክሩት አልነቃነቅ አለ፤ እሳቸውም ለሚቀጥለው ጎንበስ አሉ።