የኮምፒዩተር ኦርኬስትራና የመንዝ ሰማይ፤ አጭር ሂስ

በዘመናችን ሁለት መሣሪያዎች ከተማሪ እጅ ገብተዋል። አንደኛው በኮምፒዩተር ውስጥ የሚኖር ኦርኬስትራ ነው፤ ቫዮሊኑም ቀንደ መለከቱም እያንዳንዱ ኖታ ከለሆሳስ እስከ ጩኸት አስቀድሞ በስቱዲዮ ተቀድቶ ተቀምጧልና፥ ደራሲው ቁልፍ ሲጫን የሰማንያ ሰው ጉባኤ የሚጫወት ይመስላል። ሁለተኛው ዐይን የማያየውን የከዋክብት ብርሃን በትዕግሥት የሚያጠራቅም ካሜራ ነው። ሁለቱን አጣምሮ አጭር ፊልም መሥራት በውጭው ዓለም ከተለመደ ቆይቷል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህ ዐይነቱ ሥራ በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ላይ ሲሠራ ምን እንደሚገጥመው መመርመር ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ፊልሙ «የመንዝ ሌሊት» ተብሎ ሲሰየም መንዝ በውስጡ አለ ወይ?

ስለ ቦታው አስቀድሞ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ይዞ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ከሥሩ ግን አዲስ አበባ መብራቷን አብርታ ታድራለች። በቄሮ ሥርዐት ሲጠበቅ የኖረው የመንዝ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ አለው፤ በዙሪያውም ሰማዩን የሚያነጣ ትልቅ ከተማ የለም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፥ የከዋክብት ብርሃን የሚያቋርጠው አየር ስስ ነው። የመንዝን ሰው ባና ያስለበሰው ብርድ ደግሞ ለካሜራው ይጠቅመዋል፤ ብርሃን ተቀባዩ በቀዘቀዘ ቁጥር በሥዕሉ ላይ የሚረጨው ጉድፍ ይቀንሳልና። (ባትሪው ግን ቶሎ ይደክማል፤ የፎቶግራፍ አንሺውም ጣት እንደዚሁ።)

ከከፍታው ይልቅ ለሙዚቃ ደራሲው የሚያስፈልገው የሰማዩ አካሄድ ነው። መንዝ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 10 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል፤ ይኸውም ክንድን ዘርግቶ ለሚለካ የአንድ ጡጫ ያህል ማለት ነው። በደቡብ በኩል ደግሞ የደቡብ መስቀል በወቅቱ እስከ 20 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይታያል። የለንደን ሰው ይህን ከደጁ ቆሞ ከቶ አያየውም። እንግዲህ በአውሮፓ የተነሡ የከዋክብት ዱካ ሥዕሎች በሰሜን ኮከብ ዙሪያ ትልልቅ ሙሉ ክቦች ያሳያሉ፤ ከመንዝ ሲነሣ ግን ትልቁ ክብ ሁሉ በአድማሱ ይቆረጣል፤ በምሥራቅ በኩል ኮከቡ ወደ ጎን ብዙ ሳያዘነብል ከቆላው ጭጋግ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ በምዕራብም ከመርሐቤቴ ማዶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በዚህ አገር ሰማይ ይወጣል ይወርዳል እንጂ እንደ ወፍጮ አይዞርም።

ነገር ግን በነዚህ ፊልሞች ዘንድ የተለመደው ሙዚቃ የሚዞር ሙዚቃ ነው። አንድ አጭር የቫዮሊን ሐረግ ይደጋገማል፤ በላዩ ቀንደ መለከት ይነሣል፤ ከዚያም ሁሉም በአንድ ላይ ያብጣል። ብዙ ጊዜ እንደ አባት የሚጠቀሰው የእንግሊዛዊው የጉስታቭ ሆልስት «ፕላኔቶች» ነው። ሆልስት ይህን ድርሰት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1914 ሲሆን፥ ያነሣሣውም ኮከብ ቆጠራ እንጂ ቴሌስኮፕ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ክፍል የሰውን ጠባይ የሚገልጽ ነው፥ ጦረኛነትን፥ ደስታን፥ እርጅናን። ስለዚህ ከሰማይ ፎቶግራፍ ጋር ሲጣመር የምንሰማው ሰማዩን ሳይሆን ስለ ሰው ዕጣ የተነገረ ነገር ነው። ድርሰቱ ታላቅ ነው፤ ጉድለቱ የተከታዮቹ ነው፤ አብጦ የሚነሣውን ድምፅ ወስደው ምክንያቱን ተዉት።

የጊዜውም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ካሜራው በየ20 ሴኮንዱ አንድ ሥዕል እያነሣ 6 ሰዓት ቢያድር 1,080 ሥዕል ይሰበስባል። ይህ በሴኮንድ 24 ሥዕል ሲታይ 45 ሴኮንድ ይሆናል። ሰማይ በሰዓት 15 ዲግሪ ይጓዛልና፥ 90 ዲግሪ የሆነው የሌሊቱ ጉዞ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ ፍጥነቱ ከእውነተኛው 480 እጥፍ ነው። በዚህ በሚጋልብ ሰማይ ላይ ደራሲው እጅግ የዘገየና የተከበረ ሙዚቃ ይጭንበታል። ዐይን ሲሮጥ ጆሮ ይንፏቀቃል። በበኩሌ ከሁለት አንዱ መመረጥ አለበት ባይ ነኝ፤ ወይ ሙዚቃው ፍጥነቱን ይቀበል፥ ወይ ሥዕሉ ሳይንቀሳቀስ ይቁምና ሙዚቃው ብቻውን ይጓዝ።

አሁን ከዋናው ነገር ደርሰናል። ሩቅ ያለን ነገር ለምሳሌ የኦሪዮንን ኔቡላ የሚያነሣ ሰው ካሜራውን ከከዋክብቱ ጋር በሚዞር መሣሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ካሜራው ሰማዩን ሲከተል ምድሩ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ተራራው፥ ጅብራው፥ የሣር ክዳኑ ቤት ከሥዕሉ ይወጣል። ቀጥሎም ብዙ ሥዕሎችን ይደራርባል፤ 16 ቢደራረቡ ጉድፉ ወደ አንድ አራተኛ፥ 100 ቢደራረቡ ወደ አንድ ዐሥረኛ ይወርዳል። ውጤቱ ንጹሕና የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን የጠራው የኦሪዮን ሥዕል ከጓሳ ቢነሣ ከቺሊ በረሓ ቢነሣ ያው ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ሥራውን በደንብ በሠራ ቁጥር መንዝ ከሥዕሉ ትጠፋለች። ይህ ጥፋት አይደለም፤ የሥነ ፈለክ ፎቶግራፍ ጠባይ ነው። እንግዲህ ቦታውን የመናገር ሸክም በሙሉ በሙዚቃው ላይ ይወድቃል።

ሙዚቃውስ? የኮምፒዩተሩ ኦርኬስትራ ራሱ በተመሳሳይ መንገድ የጠራ ነው። በየኖታው የነበረው የወንበር ሲጥሲጥታ፥ የትንፋሽ ድምፅ፥ የጣት መንሸራተት በአብዛኛው ተለቅሞ ወጥቷል። የጠራ ሥዕል ከጠራ ድምፅ ጋር ሲገጥም የትም ያልሆነ ፊልም ይወለዳል።

እዚህ ላይ በገናን ማሰብ ይጠቅማል። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ በአውታሩና በድልድዩ መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቊራጭ ቆዳ ይገባል። አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካ ስለሚንቀጠቀጥ እንደ ንብ መንጋ እዝዝ የሚል ድምፅ ይሰጣል። ደርዳሪው እንዚራውን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ ያ እዝዝታ በትክክል እስኪመጣ ድረስ ይደክማል። በስቱዲዮ ዕውቀት ሲመዘን ይህ ጉድፍ ነው፤ በበገና ሕግ ግን ድምፁ ራሱ እርሱ ነው። የኛ አገር ዜማ ሊጠራ ያልፈለገበት ቦታ አለ ማለት ነው። የመንዝን ሰማይ በሙዚቃ ሊያጅብ የሚነሣ ሁሉ የትኛውን ጉድፍ እንደሚያወጣና የትኛውን እንደሚተው አስቀድሞ መወሰን ይገባዋል፤ ይህንንም የሚወስንለት ፋብሪካው ሊሆን አይገባም።

የቅኝቱም ጉዳይ ከዚሁ ይቆጠራል። የኮምፒዩተሩ ኦርኬስትራ አንዱን ስምንትዮሽ 12 እኩል ቦታ ከፍሎ ይመጣል። ትዝታ በዚህ ክፍፍል ላይ በመጠኑ ይቀመጣል፤ አንቺ ሆዬ ግን ይቆረቁረዋል። መሣሪያው እያንዳንዱን ኖታ በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ለማድረግ ይፈቅዳል፤ ሥራው አሰልቺ ስለሆነ ብዙዎች አያደርጉትም። የበለጠ አስቸጋሪው ሌላ ነው። አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለ ዋሽንት» የተባለውን ድርሰቱን እ.ኤ.አ. በ1967 በሀንጋሪ ከኦርኬስትራ ጋር ሲያሰማ፥ ባዕዳን የሆኑት ተጫዋቾች ቢያንስ እርስ በርሳቸው ይሰማሙ ነበር። የተቀዳ ኖታ ግን ጎረቤቱን አይሰማም። ግርማ ይፍራሸዋ በፒያኖ ሲጫወት ፒያኖው ፒያኖ መሆኑን አይደብቅም፤ የመሣሪያውን ወሰን ተቀብሎ በዚያ ውስጥ ይናገራል። የኮምፒዩተር ኦርኬስትራ ደራሲም ከሰማንያ ሰዎች ማስመሰል ይልቅ ይህን ቢማር ይሻለዋል።

በዩኒቨርሲቲያችን ታሪክ ውስጥ ለዚህ ነገር የሚጠቅም ሰው አለ። ግብጻዊው ሐሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 ገና በካይሮ ሳለ የዛር ሥርዐትን ድምፅ በሽቦ መቅጃ ቀድቶ በመሣሪያ እየለወጠ አዲስ ድርሰት የሠራ፥ በኋላም በኒው ዮርክ በኮሎምቢያና ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል የሠራ ሰው ነው። በ1963 (እ.ኤ.አ.) በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም ግን የሰበሰበው ሰዎችን ነው፤ ባለ መሰንቆ፥ ባለ ክራር፥ ባለ ዋሽንት፥ በገና ደርዳሪ። ከየአገሩ ተነጥለው የሚጫወቱ መሣሪያዎችን በአንድ መድረክ ማቆሙ በዘመኑ አከራካሪ ሊሆን ይችላል፤ ለብቻና ለጸሎት የተሠራን በገና ከከበሮ ጋር ማስቀመጥ እኔንም ያጠራጥረኛል። ሆኖም ካይሮ ላይ ያደረገው ነገር ለኛ ትምህርት ነው፤ መሣሪያውን ከመክፈቱ በፊት ወደ ቦታው ሄዶ ድምፅ ቀድቷል።

«ተማሪ ከየት አምጥቶ ሰማንያ ሰው ይቀጥራል? ያለው ኦርኬስትራ ይኸው ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ ስለዚህም መሣሪያው ይጣል አልልም። የምለው ካሜራው ጓሳ ላይ ስድስት ሰዓት ሲያድር አብሮት አንድ መቅጃ ይደር ነው። የጓሳውን ሣር የሚያፏጨው ነፋስ፥ የሩቅ ውሻ፥ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣ የማሕሌት ድምፅ ካለም እርሱ፥ በዚያው ሌሊት በዚያው ሰዓት ከተነሣው ብርሃን ጋር እኩያ ናቸው። የኮምፒዩተሩ ቫዮሊን ከነዚህ ጋር ሲቀመጥ ቢያንስ የሚያዳምጠው ነገር ያገኛል። ስድስቱን ሰዓት ወደ 45 ሴኮንድ የሚያጥፈው ፊልም ድምፁንም እንደዚያው አያጥፈው፤ ከየሰዓቱ ጥቂት ቆርጦ ይውሰድ።

ወራቱን በሚመለከት ሥራው የሚቀለው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ሰማዩ ጥሩ፥ ኦሪዮንም ከራስ በላይ ነው፤ ሰባቱ ከዋክብትም እንዲሁ። ሁሉም ሰው የሚመኘው የፍኖተ ሐሊብ እምብርት ግን በማታ ከፍ ብሎ የሚታየው በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፥ ያን ጊዜ መንዝ በደመና ተሸፍናለች። በየካቲትና በመጋቢት ከንጋት በፊት ይወጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የበልጉ ጉም አለ። ጉም የሸፈናቸውን ሥዕሎች ፎቶግራፍ አንሺዎች ይጥሏቸዋል። ባይጥሏቸው መልካም ነው፤ ከዋክብቱ አንድ በአንድ ሲጠፉ የሚታይባቸው ሃያና ሠላሳ ሥዕሎች ለደራሲው ሙዚቃውን የሚያቆምበት ቦታ ይሰጡታል።