ከ200 ሲሲ ወደ 100 ሲሲ

ሞተር የሚነዳ ሰው ሲሲ ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ ማየት ያልተለመደ ነው። ባለ 200 ሲሲውን ትቼ በባለ 100 ሲሲ ያማሃ ኤጂ ወደ ሸይ ቤንች ወረዳ ቀበሌዎች መውጣት ስጀምር ያልጠየቀኝ ሰው የለም። አንድ ቡና አምራች አባት እንዲያውም አዝነውልኝ፣ «ልጄ፣ ትልቁን ምን ነካው? ሸጥከው እንዴ?» አሉኝ። «የለም አባባ፣ ወድጄ ነው የቀየርኩት» ስላቸው አላመኑኝም። ያን ዕለት ቆሜ በሁለት ቃል የመለስኩላቸውን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ነዳጁ ይቀንሳል፣ መለዋወጫውም ይረክሳል፤ የኔ ምክንያት ግን ሁለቱም አይደሉም። ሞተር መንዳትን አጥርቶ የሚያስተምረው ትንሹ ሞተር ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ መንገዱን ልንገራችሁ። ከጅማ በቦንጋ አድርጎ ሚዛን የሚገባው ዋናው መንገድ አስፋልት ነው። ቡናው ያለው ግን ከአስፋልቱ ወርዶ፣ እንሰቱንና የጥላ ዛፉን ሰንጥቆ በሚገባው ቀይ አፈር ላይ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት ወራት ይደርቃሉ፤ ከዚያ ውጭ ዝናቡ ፋታ ይሰጣል እንጂ ጨርሶ አይለቅም። ለቀማ ደግሞ መሬቱ እስኪደርቅ አይጠብቅም፤ በቆላው ያሉት ቴፒና በበቃ ከደጋው ቀድመው ይቀላሉ። እሸት ቡና የጫነ አይሱዙ አንዴ ካለፈበት በመንገዱ ላይ ሁለት ጥልቅ ቦይ ይቀራል። ለሞተር ነጂ የሚተርፈው በሁለቱ ቦዮች መካከል ያለው ጠባብ ጀርባ ብቻ ነው።

በዚህ ጀርባ ላይ ትልቅ ሞተር ለነጂው ይራራለታል። ኩርባውን በተሳሳተ መስመር ቢገባ፣ ማርሹ ከፍ ብሎበት ዳገት ቢጀምር፣ ነዳጅ ሲሰጠው ጎትቶ ያወጣዋል። ነጂው የወጣው በጥበቡ ይሁን በሞተሩ ጉልበት አይለይለትም። ባለ 100 ሲሲው እንዲህ ዓይነት ምሕረት የለውም። ከዳገቱ ግርጌ የጠፋች ፍጥነት አትመለስም። ስለዚህ ዳገቱን የሚወጡት ዳገቱ ላይ ሳይሆን ገና ግርጌው ካለው ወንዝ ዳር ሳሉ ነው። ከውኃው እንደወጡ ሁለተኛ ማርሽ ይገባል፤ መሃል ላይ ማርሽ ልቀይር ያለ ሰው ፍሪሲዮን በጨበጠባት ቅጽበት ሞተሩ ይቆምበታል። ከመቀመጫ ተነስቶ በእግር መርገጫው መቆም፣ ጉልበትን ከነዳጅ ታንከሩ ጋር ማጣበቅ፣ ደረትን ወደ መሪው ማስጠጋት ያስፈልጋል። ዓይንም ከፊት ጎማው ሥር ተነስቶ ዳገቱ የሚያልቅበትን ቦታ መያዝ አለበት። ቦዩን አተኩሮ የሚያይ ሰው ቦዩ ውስጥ ይገባል፤ ሞተር ከማለማምዳቸው ሰዎች ይህን ያላየሁበት የለም።

ፍሬንም እንዲሁ ነው። ትንሽ ሞተር የያዘ ሰው የጣለውን ፍጥነት መልሶ ለማግኘት ስለሚደክም ፍሬን አያባክንም። ኩርባው ገና ከሩቅ ሳለ ነዳጁን ይለቃል፣ አንዴ በልኩ ይይዛል፣ ከዚያ ለቅቆ ሞተሩን አዘንብሎ ያልፋል። በትልቁ ላይ ብዙዎቻችን ኩርባው አፍ ደርሰን እንይዛለን፣ መሃሉ ላይ ደግመን እንይዛለን፣ ስንወጣ ነዳጅ እናዘንባለን። በደረቅ አስፋልት ያስኬዳል። በእርጥብ ቀይ አፈር ግን አዘንብሎ ሳለ የፊት ፍሬን የያዘ ሰው የሚያርፈው መሬት ላይ ነው።

በሚዛን አካባቢ ዝግ የአስፋልት መወዳደሪያ የለንም። በሌላው ዓለም በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ የሚነዱ ሰዎች የደረሱበት ነገር ግን ከእኛ ጭቃ የራቀ አይደለም። ታዋቂዎቹ የሞተር ተወዳዳሪዎች፣ ቫለንቲኖ ሮሲ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ማርክ ማርኬዝ ደግሞ በ2010 የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ድላቸውን ያገኙት በ125 ሲሲ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያንን ምድብ የተካው ሞቶ 3 ባለ 250 ሲሲ ነው። ትንንሾቹ ጉልበታቸው ጥቂት ስለሆነ ኩርባ ውስጥ ፍጥነት ከጣሉ በቀጥታው መንገድ አያገኙትም፤ ስለዚህ ልጆቹ ከሁሉ በፊት የሚማሩት ፍጥነትን ይዞ መዞርን ነው። ሮሲ ባደገበት መንደር በታቩሊያ ባሠራው ሜዳ ላይ ደግሞ የዓለም ሻምፒዮኖች ሳይቀሩ አፈር ላይ እየተንሸራተቱ ይለማመዳሉ። ትልቁ የሞቶ ጂፒ ምድብ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2027 ከ1000 ሲሲ ወደ 850 እንዲወርድ ተወስኗል።

በትንሹ የተማረው ወደ ትልቁ የሚሻገርበት ምክንያትም አለ። አንድን ኩርባ በእኩል ፍጥነት የሚዞሩ ሁለት ሞተሮች፣ አንዱ ከባድ ሌላው ቀላል ቢሆንም፣ ማዘንበል ያለባቸው መጠን ይቀራረባል። ልዩነቱ ነገር ሲበላሽ ነው። የተውኩት ባለ 200 ሲሲ ከ120 ኪሎ በላይ ነበር፤ ኤጂ 100 መቶ ኪሎ ገደማ ነው። ጎማው ሲንሸራተት መቶ ኪሎውን በዳሌና በእግር ይመልሱታል። ቢወድቅም አንድ ሰው ብቻውን ከጭቃ ያነሳዋል፤ ሰው በማያልፍበት የጫካ ዳር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በደረቁ ወራት አዳዲስ የግብርና ባለሙያዎችን ሜዳ ላይ ሳለማምድ የምጀምረው በትንሹ ነው። ድንጋይ ደርድረን ስምንት ቁጥር እንሠራለን፤ ፍሬን ሳይነካ፣ ማርሽ ሳይቀየር ይዞራሉ። ቀጥሎ ሰው በእግሩ ከሚሄድበት ፍጥነት ዝቅ ብለው፣ እግር መሬት ሳያወርዱ ይነዳሉ። በመጨረሻ በጀሪካን ውኃ አምጥተን አፈሩን እናርሰውና የኋላ ፍሬን ሆን ብለው እንዲይዙ አደርጋለሁ፤ የኋላው ጎማ ሲሄድባቸው ሳይደነግጡ መሪውን ቀጥ አድርገው ፍሬኑን በቀስታ መልቀቅ ይለምዳሉ። ይህን ብዙ ጉልበት ባለው ሞተር ላይ ማስተማር ልጅን በጥልቅ ውኃ ዋና እንደ ማስጀመር ነው። ፍጥነትንም አስረዳቸዋለሁ፦ በሰዓት ከ30 ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያደገ ፍጥነት ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚያስኬደው ርቀት በሲሶ ሳይሆን በሦስት አራተኛ ገደማ ይረዝማል።

ትንሹን አወደስኩ ብዬ ድክመቱን አልሸሽግም። ኤጂ 100 ቱ ስትሮክ ስለሆነ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ብዙም አይዝም። ፎር ስትሮኩ በመጀመሪያ ማርሽ ራሱን ሲገታ፣ ይህኛው እየተንደረደረ ሁሉን ነገር ለፍሬን ይተዋል። ፍሬኑ ደግሞ ከፊትም ከኋላም የታምቡር ነው፤ ወንዝ ተሻግሮ ውኃ ከገባበት አይዝም። ስለዚህ ከውኃ እንደወጡ እየነዱ ፍሬኑን በስሱ ይዞ እስኪደርቅ ማቆየት ግድ ነው፤ ይህ ሳይደረግ ወደ ቁልቁለት አይገባም። ጀንፈል የሞላ ጆንያ ጭኖ፣ ሰው አፈናጦ ረጅም ዳገት ለሚወጣም አይሆንም። በየቀኑ ከሚዛን ቦንጋ በአስፋልት የሚመላለስ ሰው ከጭነት መኪና ኋላ እንዳይቀር የተሻለ ጉልበት ያስፈልገዋል። ለእነዚህ ሥራዎች ትልቁን ምረጡ።

ትንሽ ሁሉ ለጭቃ ይሆናል ማለትም አይደለም። ኤጂ ካቴናው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፤ የፊት ፓራፋንጎው ከጎማው ርቆ የተሰቀለ ነው። ለከተማ የተሠሩት ባለ 100 እና ባለ 125 ሞተሮች ፓራፋንጎ ከጎማው ጋር ተጠጋግቶ ስለሚሠራ ቀይ ጭቃ ይሞላበትና የፊቱን ጎማ ያስረዋል። ለሰዓት ያህል በእንጨት እየፋቁ የቆሙ ነጂዎችን በየመንገዱ ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለ ሞተር ያላችሁ ክረምት ሳይገባ ጋራዥ ወስዳችሁ ፓራፋንጎውን ከፍ አስደርጉት።

ለገጠር ሥራ ሞተር የምትገዙ ኃላፊዎችን አንድ ነገር እለምናለሁ። አዲስ ተቀጣሪ ልጅ ቁልፍ ተሰጥቶት በማግስቱ ወደ ቀበሌ አይሂድ። በእጃችሁ ካለው ትንሹን ሞተር ስጡት፣ ሜዳ ላይ በእርጥብ አፈር አለማምዱት፣ ሄልሜቱን ከሞተሩ ጋር በአንድ ቀን አስረክቡት። ትልቁን ከፈለገ ዝናቡን በትንሹ ካሳለፈ በኋላ ይረከበው።