የሚቀርበው ድምፅ ይበልጥ ይከብዳል

በሐረሪ ክልል ከሐረሪ ቋንቋ ጋር ኦሮምኛም የሥራ ቋንቋ ነውና፣ ኦሮምኛን በጉልምስና የሚማር አማርኛ ተናጋሪ ሐረር ላይ ብርቅ አይደለም። የ«ዸ» ተራ ሲደርስ መምህራን የምንቸኩለው ወደ አፍ ነው፤ ምላስ ወደ ላንቃ ይታጠፍ፣ አየር ወደ ውስጥ ሳብ ይደረግ፣ ከዚያ ድገሙ። እኔ ግን ጆሮ ይቅደም እላለሁ። አማርኛ ተናጋሪው «ዸ»ን የሚሰማው «ደ» አድርጎ ነው፤ ኦሮምኛው ድሬ ዻዋ የሚላትን ጎረቤት ከተማ አማርኛው ድሬዳዋ ብሎ መያዙ ይህንኑ ያሳያል። ልዩነቱን ያልሰማ ተማሪ የገዛ ስሕተቱንም ስለማይሰማ፣ መቶ ጊዜ ቢደግም መቶ ጊዜ «ደ» ይላል።

የጎልማሳ ጆሮ አንዴ ተዘግቷል፣ ልፋቱ ከንቱ ነው የሚል አለ። መነሻ አላጣም። ጃኔት ዌርከርና ሪቻርድ ቲስ በአውሮፓውያኑ 1984 እንዳሳተሙት፣ በእንግሊዝኛ መካከል የሚያድጉ ሕፃናት በስድስትና በስምንት ወር መካከል ሳሉ የሂንዲን ሁለት «ተ»ዎች ይለያሉ፤ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ ግን ይህ ችሎታ ይደክማል። ሆኖም መድከም መጥፋት አይደለም። ካትሪን ቤስትና ባልደረቦቿ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጎልማሶችን ሲፈትኑ፣ በቋንቋቸው ፈጽሞ የሌሉትን የዙሉ የጠቅታ ድምፆች አንዱን ከሌላው ለይተዋል፤ በ2001 ጥናታቸው ደግሞ የእኛኑ የትግርኛ «ጰ» እና «ጠ» በደንብ ለይተዋል። የከበዷቸው የዙሉ ሁለት «በ»ዎች ናቸው፤ አንዱ ተራ፣ ሌላው እንደ «ዸ» አየር ወደ ውስጥ የሚሳብበት። ሁለቱም የእንግሊዝኛውን «በ» ስለሚመስሉ በአንድ ስም ተጠቀለሉ። ስለዚህ ችግሩ የድምፁ ባዕድነት ሳይሆን ለምናውቀው ድምፅ መቅረቡ ነው።

ታዲያ ተማሪውን ሸዋ በር ገበያ ብንለቀው፣ እንደ ሐረር ልጆች ሰምቶ አይለምድም ወይ? ሕፃን በእርግጥ ከሰው ይማራል፤ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በ2003 እንዳሳዩት፣ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት የማንዳሪንን ድምፅ ከፊታቸው ካለ ተናጋሪ ተማሩ፣ ከቪዲዮ ግን አልተማሩም። ጎልማሳ ግን ዋጋውን ከእጅ ምልክትና ከሁኔታው ስለሚረዳ፣ «ዸ»ን ሳይለይም ጫቱን ገዝቶ ይመለሳል። ጆሮውን የሚያስገድደው ነገር የለም። ጃፓናውያን የእንግሊዝኛን «ረ» እና «ለ» መለየት ያሻሻሉት የብዙ ሰዎችን ድምፅ እየሰሙ፣ መልሳቸው ትክክል መሆን አለመሆኑ ወዲያው እየተነገራቸው ነው፤ እርግጥ በእንግሊዝኛ አፍ የፈቱትን ሰዎች ያህል አልሆነላቸውም። እኛም የመምህሩን ድምፅ ብቻ ከማሰማት፣ የአዛውንቱን፣ የልጁንና የነጋዴዋን ድምፅ ቀድተን በ«ዸ» እና በ«ደ» ብቻ የሚለያዩ ቃላትን እናሰማ፤ የትኛው እንደሆነ ይምረጡ፣ ወዲያው እንንገራቸው፤ የምላሱ ትምህርት ከዚያ ይቀጥላል።