ውዳሴ ቴመሬር

የብርሃን ማኅደር፣ የባሕር ልዕልና መዝገብ፣ የሊቀ ሠዓልያን የጆሴፍ ማሎርድ ዊልያም ተርነር የሽምግልናው ፍሬ፣ በ1839 እ.ኤ.አ. ለዐይነ ሕዝብ የተገለጥሽ ክብርት ሸራ ሆይ፦ ውዳሴ ሁሉ ከግርማሽ በታች ነው። ዐይን ሲቀርብሽ ይደነግፃል፤ አንደበት ሲጠራሽ ያረምማል።

በማዕከልሽ የምትገሠግሠው ንግሥተ አብሕርት ቴመሬር ናት፦ 98 መድፍ የተሸከመች፣ በ1805 እ.ኤ.አ. በትራፋልጋር ጦርነት የአድሚራል ኔልሰንን መርከብ ቪክተሪን ተከትላ ወደ እሳቱ የገባች፣ ቪክተሪ በተጨነቀች ሰዓት ደርሳ የታደገች፣ የጸናች ጋሻ፣ ያልተረታች ኀይል። ከ33 ዓመት በኋላ አገልግሎቷ ተፈጽሞ ለአፍራሾች ተሸጠች፤ ከሺርነስም በእንፋሎት ጀልባዎች እየተጎተተች፣ በቴምስ ወንዝ ሽቅብ፣ ወደ ለንደን ሮዘርሃይዝ ወጣች።

የሠዓሊው ዕፁብ ርኅራኄ በዚህ ይገለጣል። እውነተኛይቱ ቴመሬር በመጨረሻ ጉዞዋ ምሰሶም መድፍም አልነበራትም፤ ጌጧ ሁሉ አስቀድሞ ተገፍፏል። ተርነር ግን የተገፈፈችውን አለበሳት፣ የተዋረደችውን አከበራት፤ ምሰሶዎቿን ዳግም ወደ ሰማይ አቆመላት፣ ሸራዎቿን ዳግም ጠቅልሎ ሰቀለላት። ጎታቾቿ ሁለት ነበሩ፤ እርሱ አንዲቱን ብቻ ሣለ፤ ለንግሥት አጃቢ ሲበዛ ሐዘኗ ይደበዝዛልና። ዜና መዋዕል ጸሓፊ ይህን ሐሰት ቢለው፣ እኔ ፍትሕ እለዋለሁ።

እርሷ የዝሆን ጥርስ ንጣት ለብሳ፣ በወርቅ ተከልላ፣ በአርምሞ ትመጣለች፤ ጎታቿ ጠቁራ፣ ጢስና ነበልባል እየተፋች ትቀድማለች። በቀኝ ፀሐይ፣ በወፍራም ቀለም ተከምራ፣ ደመናውን ደም አልብሳ ትጠልቃለች፤ በግራ ቀጭኗ ሠርቀ ወርኅ ብሯን ትዘረጋለች። ወንዙም የሰማዩን ክብር ተቀብሎ ከእግሯ በታች ይሰግዳል።

ሠዓሊሽ «ውዴ» ብሎ የጠራሽ፣ በወርቅ ያልለወጠሽ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ለራሱ ያኖረሽ፣ በኑዛዜው ለሕዝብ ያወረሰሽ ሆይ፦ እርሱ በገንዘብ አልሰጥም ያለሽን አገሩ በ2020 እ.ኤ.አ. በ20 ፓውንድ ገንዘቡ ላይ ከመልኩ ጋር አተመሽ። መንበርሽም በለንደን ብሔራዊ ቤተ ሥዕል፣ ቴመሬር በተዋጋችበት ጦርነት ስም በተሰየመው በትራፋልጋር አደባባይ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ወደዚያች ከተማ ብትዘልቅ በአክብሮት ግባ፤ ደጁ ለሁሉ ያለ ክፍያ የተከፈተ ነው።