ዝርዝሩ ሲያጣ

ፊደል በተነካ ቁጥር ከሥሩ ስሞችን እየደረደረ የሚያስመርጥ ሳጥን ዛሬ ብርቅ አይደለም። የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል፣ የባንክ መስኮት፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ ሁሉ አለው። ፕሮግራመሩ ሥራውን ሊያስረክብ ሲመጣ ታዲያ የሚያሳየው ሁልጊዜ የሚሳካለትን ነው፤ «አበ» ብሎ ይጽፋል፣ አበበ፣ አበባ፣ አበራሽ ተሰልፈው ይመጣሉ፣ ተረካቢውም ረክቶ ይፈርማል። በዚህ የተመዘነ ነገር ግን የለም። የተመዘገበን ስም በተመዘገበበት አጻጻፍ ማግኘት ማንኛውም ዳታቤዝ ያለ ብዙ ድካም የሚችለው ነው። የባለሙያ እጅ የሚታየው ዝርዝሩ ሲያጣ ነው። የተጻፈው ከተመዘገበው ጋር አልገጥም ሲል ሳጥኑ ምን ይላል? «የለም» ካለስ በእርግጥ የለም? ከፍጥነቱም ከመልኩም በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፤ ሐሰተኛ «የለም» ከሌላው ስሕተት ሁሉ የሚከፋው ሲፈጸም ስለማይታይ ነው። መረጃ አስገቢዋ «የለም» ስትባል የሚገባትን ታደርጋለች፣ አዲስ ካርድ ትከፍታለች። ከዚያ ወዲያ አንዲት ታካሚ ሁለት ካርድ ይኖራታል፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት የተጻፈው በአንዱ ነው፣ ዛሬ ሐኪሙ ፊት የተከፈተው ሌላው ነው። ሳጥኑ ያለበት ቅጽ ቀይ ምልክት አላሳየም፣ አስገቢዋም አላጠፋችም።

በአማርኛ ሐሰተኛው «የለም» በአብዛኛው የሚወለደው ከሞክሼ ፊደላት ነው። ዓለምፀሐይ የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ ሊሆን ይችላል። ፀ በጸም ይጻፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ከስድስቱ አንዱ ነው። 4 በ2 በ6 ሲባዛ 48 አጻጻፍ ይሆናል፤ ዓለምንና ፀሐይን ለያይቶ የሚጽፍም ስላለ 96 ይደርሳል። አብዛኛውን ማንም አይጽፈውም፤ አራት አምስቱን ግን በአንድ ቢሮ መዝገብ ውስጥ ማግኘት የሚያስገርም አይደለም። ለጆሮ ሁሉም አንዲት ሴት ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን 96 የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ሲያካትት ለሀ፣ ለሐ፣ ለኀ የየራሳቸውን ቁጥር ሰጥቷቸዋል። መስጠቱም ተገቢ ነበር። በትግርኛ ሐ እና ሀ ድምፃቸው ይለያያል፣ ዐ እና አም እንደዚሁ። አንድ የሚሆኑት በአማርኛ ተናጋሪ አፍ ስለሆነ፣ አንድ የማድረጉ ሥራ የዩኒኮድ ሳይሆን የቅጹ ሠሪ ነው።

ሥራውም ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከስሙ ጎን ለሰው የማይታይ ሁለተኛ ዓምድ ይቀመጣል፤ በዚያ ዓምድ ሞክሼዎቹ ሁሉ በአንድ ወካይ ፊደል ይተካሉ፣ ክፍተቱና ነጥቡ ይወጣል። ፈላጊው የሚጽፈውም በዚያው ወንፊት ካለፈ በኋላ ነው የሚመሳከረው። የሚታየውና በካርዱ ላይ የሚታተመው ግን ባለስሙ እንደጻፈው ይቆያል። እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፦ ማሽኑ የሰውን ስሕተት ከሚያስተናግድ ሰው አጻጻፉን ለምን አይማርም? ለመጽሐፍ አርታኢ ጥሩ ጥያቄ ነው። ለካርድ ክፍል ግን አይሆንም። ስም የባለቤቱ ነው፤ መታወቂያው ላይ ሃይሉ ተብሎ የተጻፈን ሰው ኃይሉ ካልሆንክ ማለት አይቻልም። አስገቢዋ የሥርወ ቃል ሊቅ ብትሆን እንኳ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሰው ስሙን በየትኛው ሀ እንደጻፈ ከድምፁ ልታውቅ አትችልም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ብልህ ነው፦ ሠረቀ ወጣ፣ ብቅ አለ ማለት ነው፣ ሰረቀ ግን የሌባ ሥራ ነው፤ ሁለቱን መጨፍለቅ ትርጉም ማጥፋት አይሆንም? የሚጨፈለቀው የተመዘገበው ቢሆን ኖሮ ያጠፋ ነበር። በፍለጋ ውስጥ ግን ሁለቱም ጎን ለጎን ይመጣሉ፣ መራጩ ሰው ነው። ጥንቃቄ ያለው ሠሪ በተጻፈበት ፊደል ልክ የገጠመውን ከላይ ያደርጋል፣ በድምፅ ብቻ የገጠመውን ያስከትላል፤ ትግርኛ ተናጋሪውም በዚህ አይጎዳም።

ከአጻጻፍ ቀጥሎ የሚፈተነው ትየባው ነው፤ ብዙ ጥሩ የሚባሉ ሥራዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። በድምፅ በሚጻፍበት የአማርኛ ኪቦርድ ከበደ ለማለት መጀመሪያ ክ ይመጣል፣ አናባቢው ሲነካ ወደ ከ ይለወጣል፣ ከዚያ ከብ፣ ቀጥሎ ከበ፣ ከበድ፣ በመጨረሻ ከበደ። በእያንዳንዱ ንክኪ የሚያጣራ ዝርዝር «ከብ» ላይ ሲደርስ ከበደን ይጥለዋል፤ በ እና ብ ለእሱ ሌላና ሌላ ናቸውና። ስለዚህ ሳጥኑ ለቅጽበት ባዶ ይሆናል፣ «አልተገኘም» ይላል፣ ተመልሶ ይሞላል። ለእንግሊዝኛ የተሠራ ዕቃ እንዳለ ሲገለበጥ የሚያመጣው ችግር ነው። ብልጭታው ዓይን ማድከሙ ትንሹ ጉዳት ነው። «አልተገኘም» ከሚለው ሥር «አዲስ ጨምር» የሚል ቁልፍ አብሮ ብቅ የሚል ከሆነ፣ በጥድፊያ ላይ ያለች እጅ በተሳሳተው ቅጽበት ታርፍበታለች። ጥሩ ሠሪ የመጨረሻው ፊደል ሳድስ ሆኖ ሲገኝ ገና እንዳላለቀ ይቆጥረዋል፤ ብ ን በ፣ ቡ፣ ቢ እያለ እስከ ቦ ካሉት ሁሉ ጋር ያስማማዋል። በዚህ ዘዴ ዝርዝሩ እየጠበበ ብቻ ይሄዳል እንጂ አይርገበገብም። ይህን ያሰበ ሰው ቅጹን ከማስረከቡ በፊት ራሱ በአማርኛ እየጻፈ እንደሞከረው አያጠራጥርም።

አኅጽሮት ሌላው ፈተና ነው። ገ/መድኅን ገብረመድኅን መሆኑን ለማወቅ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ወ/ማርያም ግን ወልደማርያምም ወለተማርያምም ሊሆን ይችላል፣ ተ/ማርያምም ተክለ ወይም ተስፋ። በአንዱ ብቻ የሚፈታ ዝርዝር ግማሹን ሰው ደብቋል ማለት ነው። የቦታ ስምም እንዲሁ ነው፦ ናዝሬት ብሎ የጻፈ አዳማን፣ ደብረ ዘይት ያለ ቢሾፍቱን፣ ዝዋይ ያለ ባቱን ማግኘት አለበት፤ ሰው በለመደው ስም ይጠይቃል፣ መዝገቡ በሥራ ላይ ባለው ይመልሳል። ሌላ ሳይታሰብ የሚያልፍ «የለም»ም አለ፤ ከብዛት የሚመጣው። የዳታቤዝ መሥሪያው ማይክሮሶፍት አክሰስ ኮምቦ ቦክስ የሚለው የማስመረጫ ሳጥን ከ65,536 ረድፍ በላይ አያሳይም። በድረ ገጽ የሚሠሩትም ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹን አሥር ብቻ አምጥተው ዝም ይላሉ። አሥራ አንደኛው ሰው ለአስገቢዋ የለም። ቢያንስ «ሌሎችም አሉ፣ ጨምረሽ ጻፊ» ማለት የሚያስከፍለው አንድ መስመር ነው።

ይህ ሁሉ ወደ ልግስና ይገፋል፤ ልግስናው ሲበዛ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ የሚል ይኖራል፣ እውነቱንም ነው። ብዙ የሚያመጣ ዝርዝር የተሳሳተውን ሰው ያስመርጣል፤ የሌላ ሰው ካርድ መክፈት ሁለተኛ ካርድ ከመክፈት ቢከፋ እንጂ አይሻልም። መልሱ ግን ፍለጋውን ማጥበብ ሳይሆን ረድፉን ማናገር ነው። ስም፣ የአባትና የአያት ስም ገጥመው የሚገኙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ስለዚህ ከስሙ ጋር የትውልድ ዘመን፣ የካርድ ቁጥር፣ ክፍለ ከተማና ወረዳ በአንድ ረድፍ መታየት አለባቸው። ወረዳ ብቻውን አይበቃም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ወረዳ 03 ያለው ክፍለ ከተማ አንድ ብቻ አይደለም። ቀጥሎ የሚፈተነው ታብ የሚለው ቁልፍ ነው። ጥቂት ፊደል ጽፎ ወደሚቀጥለው ሳጥን ሲታለፍ፣ አንዳንድ ዝርዝር ከላይ የተገኘውን ስም ማንም ሳይመርጠው በዝምታ ያስቀምጣል። አክሰስም «አውቶ ኤክስፓንድ» በሚለው ልማዱ ከመጀመሪያ ፊደሎች ተነስቶ ቀሪውን ራሱ ይሞላል። ለጾታ ወይም ለወር ስም ይህ ምቾት ነው። ለሰው ስም ግን ያልተመረጠ ነገር እንደተመረጠ መቆጠር የለበትም፤ ሳጥኑ ሳይመረጥ ከታለፈ ባዶ ይሁን፣ ባዶነቱም ይታይ።

በእውነት የሌለ ነገር ሲመጣስ? አክሰስ ለዚህ ሁለት ነገር አዘጋጅቷል፦ ከዝርዝሩ ውጭ አላስገባም የሚያሰኘው «ሊሚት ቱ ሊስት» እና በዚያ ጊዜ ምን ይደረግ የሚለው «ኖት ኢን ሊስት»። ሰነፍ ሥራ የመጀመሪያውን ከፍቶ ሁለተኛውን ይተወዋል፤ አስገቢዋ የማይገባት የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ይወጣባታል፣ ወረፋው ከኋላዋ ይረዝማል፣ መውጫ የሚሆናት «ሌላ» የሚለው ምርጫ ብቻ ነው። ከወራት በኋላ ሪፖርቱ ላይ ትልቁ ምድብ «ሌላ» ይሆናል። ዝርዝሩን ማንም ይጨምርበት የሚሉም አሉ፤ ወረፋውን ይፈታል፣ ግን ዝርዝሩ በሳምንታት ውስጥ ነጻ ጽሑፍ ሆኖ ያርፋል። የሚሻለው መሐል ላይ ያለው ነው፦ የተጻፈው ቃል ተይዞ ይቆያል፣ «ያልጸደቀ» የሚል ምልክት ይደረግበታል፣ ቅጹ ሳይቆም ያልፋል፣ ኃላፊነት ያለበት ሰው በቀኑ መጨረሻ ወይ ያጸድቀዋል ወይ ካለው ጋር ያዋህደዋል። አዲስ ከመጨመሩ በፊት የሚቀራረቡትን አሳይቶ «ከእነዚህ አንዱ አይደለም?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ከዚህ በላይ አይጠበቅበትም።

ዝርዝር ይሞታልም። የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በ2012 ሲዳማ፣ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ከተለዩት በኋላ በ2015 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ስሙ ቀርቷል። የዛሬ ቅጽ ይህን ስም ማስመረጥ የለበትም፤ የ2005 ዓ.ም. መዝገብ ሲከፈት ግን እንደነበረ መታየት አለበት። ይህ የሚሆነው በመዝገቡ ውስጥ የተቀመጠው መለያ ቁጥር ሆኖ ስሙ በሌላ ሠንጠረዥ ከነአገልግሎት ዘመኑ ሲኖር ነው። ያረጀውን ረድፍ የሰረዘ ሠሪ፣ ያለፈውን መዝገብ ባዶ ሳጥን አድርጎታል።

ገምጋሚ ቅጹን ነካክቶ ብቻ መፍረድ የለበትም፤ ጥቂት ወራት ከተሠራበት በኋላ መዝገቡን ይክፈት። በማይታየው ዓምድ ደርድሮ፣ በድምፅ አንድ የሆኑ በትውልድ ዘመንና በወረዳም የሚገጥሙ ጥንዶችን ያውጣ፤ የእያንዳንዱን ሁለተኛ ካርድ የተከፈተበትን ቀን ይይ። ቅጹ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የተከፈተ ከሆነ የወረሰው ነው፤ በኋላ ከሆነ ሳጥኑ «የለም» ብሎ የፈጠረው ሊሆን ስለሚችል፣ ያንኑ ስም ሁለተኛው ካርድ ላይ በተጻፈበት አጻጻፍ መልሶ ሳጥኑ ውስጥ መጻፍና ምን እንደሚመልስ ማየት ነው።